ቀፎው ከተከፈተ ወዲህ

አያቴ ቀፎ ውስጥ እጁን የሚያስገባው እስከ ክርኑ ድረስ ነበር። ክርኑ የቀፎውን ከንፈር ሲነካ የቆረጠውን የማር እንጀራ ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው የንቡ ነው። ጎባ በነበረው ቤታችን በስተጓሮ፣ በጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ አምስት ቀፎ ጎን ለጎን ተጋድሞ ነበር። ሦስቱ ከቀርከሃ ተሠርተው በጭቃና በእበት የተለሰኑ ናቸው። ሁለቱ ግን ከሐረና ጫካ በፈረስ የመጡ ግንዶች ነበሩ፤ ለሁለት ተሰንጥቀው፣ ሆዳቸው ተቦርቡሮ፣ መልሰው ተገጥመው በሐረግ የታሰሩ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ለመሞቅ የምንቀመጠው ፊት ለፊታቸው ነበር። የጎባ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ንቡም እንደኛው ፀሐይ ካልነካው አይወጣም። ጨረሯ የቀፎው አፍ ላይ ስትደርስ አንድ ንብ ብቅ ይላል፣ ክንፉን ያራግባል፣ ይነሳል። ሁለተኛው ይከተላል። ከዚያ በኋላ መቁጠር አይቻልም።

ዛሬ በዚያው ግቢ ታላቅ እህቴ ሦስት ቀፎ አላት። ሦስቱ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ቢጫ ቀለም የተቀባ፣ ምድርና ፎቅ ያለው የጣውላ ሣጥን ነው፤ በግብርና ቢሮ ቋንቋ «ዘመናዊ ቀፎ»፣ በባለሙያ አፍ «ዛንደር» ይባላል። ሁለተኛው ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ የሆነ፣ ገንዳ የሚመስል፣ በላዩ አግዳሚ እንጨቶች የተደረደሩበት «የሽግግር ቀፎ» ነው። ሦስተኛው ቅርጹ የሁለተኛው ሆኖ ከጨፈቃ የተሠራና በጭቃ የተመረገ ነው። እህቴ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ማር ሸጣ አትኖርም፤ የምትቆርጠው ለቤት፣ ለዘመድ፣ ለሚያስለው ልጅ ነው። እኔ የምኖረው ሮቤ ነው፤ በመካከላችን 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ አብዛኛውን ቅዳሜ እዚያው ነኝ። እነዚህን ሦስቱን ባየሁ ቁጥር ከአያቴ አምስት ቀፎ ጋር ሳላስተያይ አልመለስም።

በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ማር የሚቆረጠው በኅዳር፣ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ነበር። አባባ (አያታችንን እንዲህ ነበር የምንጠራው) ቀኑን አስቀድሞ ለማንም አይነግርም። እናቴ ዶሮዎቹን ቀድማ ታስገባለች፤ ፈረሱ ከግቢ ይወጣል፤ እኛ በር እንዳንከፍት ቃል እንገባለን። አባባ ደረቅ ኩበት በገል ላይ አያይዞ፣ ቡሉኮውን ተከናንቦ ይወጣል። ቀፎ የሚከፈተው በጀርባው በኩል ነው። ንብ እጩን የሚያሳድገው ከመግቢያው አጠገብ ነው፤ ማሩን የሚያከማቸው ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ከጀርባ የገባ እጅ መጀመሪያ ማር ያገኛል፤ እየገፋ ከሄደ እጭ ላይ ይደርሳል። የክርኑ ልክ የመጣው ከዚህ ነው። ከክርኑ አሳልፎ ጠራርጎ ያወጣ ሰው ያን ሌሊት ገበቴው ይሞላለታል፤ በጥር ግን ቀፎው ጭር ይላል። አንድ ጎረቤታችን እንደዚያ ያደርግ ነበር። በየዓመቱ ቀፎውን እንደ አዲስ በወይራ እያጠነ መንጋ ይጠብቃል፤ የአባባ ንብ ግን እዚያው ነው።

ገበቴው ወደ ቤት ሲገባ ቤቱ በሙሉ ጭስና አበባ ይሸታል። ማሩ እንደ ዛሬው ጥርት ያለ ወለላ ብቻ አልነበረም፤ ሰምም፣ የአበባ ዱቄትም፣ እዚህም እዚያም ነጭ እጭ ነበረበት። እያኘክን ማሩን እንውጣለን፣ ሰሙን እንተፋለን። እናቴ የተተፋውን ሰም ሳይቀር ትለቅመው ነበር።

ጠዋት ክፈፉ ሥር ስንወጣ ግን መሬቱ በሞተ ንብ ጠቁሮ እናገኘዋለን። ክንፉ የተቃጠለ አለ፤ በማር ተለውሶ መንቀሳቀስ ያቃተው አለ። አባባ መጥረጊያ አይነካም፤ ቁጢጥ ብሎ ነፍስ ያለበትን እየለየ በእጁ ያነሳና ፀሐይ ላይ ያኖረዋል። ስለዚያ ሌሊት ሳወራ የማሩን ሽታ ብቻ አውርቼ ይህን ብተወው እዋሻለሁ። ደግሞም አባባ ዕድሜውን ሙሉ ንብ ሲያረባ ኖሮ የቀፎውን ሆድ በብርሃን አይቶት አያውቅም። የንቡን መሪ «አውራው» ነበር የሚላት፤ ወንድ መስላው።

እህቴ ቀፎዋን የምትከፍተው ከቀኑ 11 ሰዓት አልፎ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ ነው። ዓይነ ርግብ ታጠልቃለች፤ በእጅ የሚነፋ የቆርቆሮ ማጨሻ አላት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ አፉ ላይ ትነፋበታለች። ክዳኑን ታነሳለች። አንዱን ፍሬም ሳብ አድርጋ ወደ ብርሃን ታዞረዋለች። «አየህ፣ እንቁላል፤ ዛሬ የተጣለ ነው፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል» ትለኛለች። ንግሥቷን ታውቃታለች። ባለፈው ዓመት አሮጊቷ ስትደክምና ንቡ አዲስ ሲተካ ቀኑን መዝግባ ይዛለች። አባባ በአርባ ዓመት ያላወቀውን እሷ በሁለት ዓመት አውቃለች። መሬቱ ላይ የሚሞት ንብ ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው።

ይህ ማየት የተገኘው ከአንድ ጠባብ ክፍተት ነው። አሜሪካዊው ቄስ ሎሬንዞ ላንግስትሮዝ በቀፎ ውስጥ ንብ ለመተላለፊያ የሚተወውን ርቀት አስተውሎ፣ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ክፍተት ንቡ ሳይደፍነው እንደሚተወው ተረዳ። ከዚያ ከጠበበ በሙጫ ይለስነዋል፤ ከሰፋ እንጀራ ይሠራበታል። ፍሬሞቹን በዚህ ልክ ሣጥን ውስጥ ቢሰቅላቸው ከግድግዳው ጋር አይጣበቁም፤ አንድ በአንድ ሊወጡና ሊመለሱ ይችላሉ። የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1852 እ.ኤ.አ. ነው። የጀርመኑ ኤኖክ ዛንደር ደግሞ የራሱን የፍሬም ልክ አወጣ፤ በእኛ አገር በብዛት የተሰራጨው የእሱ ዓይነት ነው። ሆለታ ላይ በ1950ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. የንብ ማዕከል ከተቋቋመ ወዲህ ሣጥኑ ቀስ በቀስ ወደ ገጠር ወጣ። የግብርና ባለሙያዎች የሚጠቅሱት ልዩነት የሚናቅ አይደለም፤ ባህላዊው ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ይሰጣል፤ ሣጥኑ በወጉ ከተያዘ 20 ኪሎና ከዚያም በላይ። እንዲያም ሆኖ ዛሬም አብዛኛው የአገራችን ቀፎ ባህላዊው ነው።

ሁለቱን የግንድ ቀፎዎች ከሐረና ያመጡልን የአባባ ወዳጅ የሪራ ሰው ነበሩ። እኛ ልጆች «ሐጂ» ነበር የምንላቸው። ቀፎን ቀፎ ብለው አያውቁም፤ «ጋጉራ» ይሉታል። እሳቸው ሲመጡ አባባም ጋጉራ ይላል፤ ሲሄዱ ወደ ቀፎው ይመለሳል። መኪና እምብዛም በማያልፍበት በዚያ ዘመን ሰነቴን በፈረስ አቋርጠው ነበር የሚመጡት። ሰነቴ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለ ሜዳ ነው፤ ከጎኑ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ተቀምጧል። ሌሊቱን ውርጭ የመታው ማር ጎባ ሲደርስ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር። እናቴ እሳቱ አጠገብ ታስቀምጠዋለች፤ ለሐጂ ከእሱው ብርዝ ትበጠብጥላቸዋለች። ለአባባ ጠጅ፣ ለሐጂ ብርዝ። ሁለቱም ከአንድ ስልቻ በወጣ ማር ማዶ ለማዶ ተቀምጠው ያመሻሉ።

አንድ ዓመት አባባ ይዞኝ ወደ ሪራ ወረደ። ከሰነቴ ጫፍ ቁልቁል ስንመለከት ሐረና በደመና ተሸፍኖ ነበር። በአስታው መካከል ወረድን፤ ቀጥሎ ቀርከሃው መጣ፤ ከዚያ ዛፎቹ እየገዘፉ ሄዱ። ሐጂ «ወደ ላይ ተመልከት» አሉኝ። ቅርንጫፉ ላይ ጋጉራዎች ተንጋለዋል፤ አንገቴን ሰብሬ ቆጠርኳቸው፣ ሰባት ነበሩ። ያን ያህል ከፍ ብለው የሚሰቀሉት ጉንዳንና ማር በላው አውሬ እንዳይደርስባቸው፣ መንጋም ቶሎ እንዲያርፍባቸው ነው። ሐጂ የሚወጡት በሌሊት፣ ጠፍሩን በወገባቸውና በግንዱ ዙሪያ አዙረው፣ ጭሱን በጥርሳቸው ይዘው ነው። ግራ እግራቸውን ይጎትቱ ነበር። አንድ ሌሊት ጠፍሩ ከድቷቸው ወድቀው ነው። ያም ሆኖ መውጣቱን አልተዉም።

ዛሬ ከጎባ በሪራ በኩል ደሎ መና በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሪራ ላይ ልጆች ማር በሃይላንድ ጠርሙስ ይዘው መኪናውን ይከብባሉ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳውም በርክቷል። የሐጂ የልጅ ልጅ ባለፈው ክረምት ቤቱ አስገብቶኝ ከጓሮው በረድፍ የቆሙ ስምንት የጣውላ ሣጥኖች አሳየኝ። «ታዲያ የአያትህ ጋጉራስ?» አልኩት። ጣቱን ወደ ጫካው ቀሰረ። እዚያው ዛፉ ላይ ናቸው። መንጋ ይይዙለታል፤ ንቡ ጋጉራው ውስጥ ገብቶ ሲረጋጋ በሌሊት አውርዶ ወደ ሣጥኑ ያዛውረዋል። ባዶ ሣጥን ዛፍ ላይ ቢሰቅል መንጋው እንደማይገባለት ሞክሮ አይቶታል። አሮጌው ቀፎ ለአዲሱ ንብ ያጠምዳል ማለት ነው። ዛፍ መውጣቱም አልቀረም፤ ቁጥሩ ግን ቀንሷል፤ ለዚህ ልጅ እግር እኔ ደስ ይለኛል።

በሮቤ አንዳንድ ጓሮዎች የማየው ግን ሌላ ነው። ቢጫው ሣጥን ክዳኑ ተነስቶ ዶሮ እንቁላል ትጥልበታለች፤ ሌላው ውስጥ ጎመን ዘር ተቀምጧል። በነፃ ወይም በብድር የተሰጠ ነው። ሣጥኑ ብቻውን ግን ቀፎ አይሆንም። ፍሬሙ ላይ የሚለጠፍ የታተመ ሰም ይፈልጋል፤ ማተሚያው ይፈልጋል፤ ማሩን እያሽከረከረ የሚያወጣ ማሽን ይፈልጋል፤ የንግሥት ማገጃ ይፈልጋል፤ ይህን ሁሉ የሚያሳይ ሰው ይፈልጋል። ሣጥኑ መጣ፣ ሌላው ቀረ። ንብ የገባለትም ቢሆን ብዙዎች ፎቁን ያለጊዜው ጫኑበት። በቆላ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ጎባ ላይ ግን ንብ ሌሊቱን ተሰብስቦ እጩን የሚያሞቀው በራሱ ገላ ነው። ከሁለት ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ጣውላ ውስጥ፣ በላዩ ባዶ ፎቅ ተጭኖበት፣ ያንን ሁሉ አየር ማሞቅ አይችልም። የሐረና ግንድ ግድግዳው የእጅ መዳፍ ስፋት ነበር። አባባ ስለ ሙቀት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ ቀፎው ራሱ ግን ወፍራም ጋቢ ነበር።

እናቴ ጠጅ ጣይ ነበረች። ለጠጅ የሚፈለገው ጥርት ያለው ወለላ አልነበረም፤ ከነሰሙ የተቆረጠው ማር ውኃ ውስጥ ይበጠበጣል፤ ሰፈፉ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ይገፈፋል፤ ጌሾው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የተገፈፈው ሰፈፍ አይጣልም። ውኃ ተጨምሮበት ይፈላል፣ በጆንያ ይጨመቃል፣ በሳህን ይገለበጣል። ሌሊቱን አድሮ ጠዋት የሳህኑን ቅርጽ የያዘ ቢጫ ሰም ይወጣል። ጧፍ የምትሠራ ሴት ነበረች፤ መጥታ በእጇ መዝና ትወስደዋለች። በጥምቀት ዋዜማ ቤተ ክርስቲያን ስንቆም፣ በእጃችን የያዝነው ጧፍ ሲቀልጥ የሚሸተው የእኛው ጓሮ ነበር። ማሩ ጠጅ ሆኖ፣ ሰሙ ጧፍ ሆኖ፣ እጩ የልጅ ጣፋጭ ሆኖ ያልቅ ነበር።

ከሣጥን ቀፎ ይህ ሁሉ አይወጣም። ማሽኑ እንጀራውን ሳይሰብር ማሩን ብቻ ያወጣና ባዶው እንጀራ ለንቡ ይመለሳል። ንቡ ሰም ለመሥራት የሚያጠፋው ማር ይተርፋል፤ ጥሩ ነው። ሰሙ ግን ለሰው አይደርስም። ከባህላዊ ቀፎ የሚገኘው ሰም ከማሩ ከመቶ 8 እስከ 10 ይሆናል፤ ከሣጥኑ 1 ወይም 2። እህቴ ማሽን የላትም፤ ካላቸው ሰዎች ትዋሳለች። አምና ተራው እስኪደርሳት ማሩ ፍሬሙ ላይ ጠጥሮ ማሽኑ ሊያወጣው አልቻለም፤ በቢላ ቆርጣ አወጣችው። ለሣጥኑ የተከፈለው ዋጋ ሁሉ ያለው በዚያ ማሽን ውስጥ ስለሆነ፣ በቢላ የቆረጠች ዕለት የያዘችው ውድ የሆነ የአባባ ቀፎ ነበር። ጧፉም ዛሬ ከሱቅ ነው፤ አብዛኛው ፓራፊን ነው። ይበራል፤ አይሸትም።

ሜኒያፖሊስ ያለው የአጎታችን ልጅ በስልክ አንድ ቪዲዮ ላከልን። የአውስትራሊያ አባትና ልጅ በ2015 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጡት ቀፎ ነው። እንጀራው ከፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ቁልፍ ሲዞር ክፍሎቹ ይከፈሉና ማሩ በቧንቧ እየወረደ ጠርሙሱን ይሞላል፤ ንቡ አይነካም፣ ጭስ የለም። እህቴ ሁለት ጊዜ አየችው። «ሰሙስ?» አለች።

የሮቤ ሜዳ በልጅነቴ ከክረምቱ በኋላ ቢጫ ነበር። ባሌ ዓመቱን በሁለት የእርሻ ወቅት ይከፍላል፣ በገናና በቦና፤ በቦናው ገብስ መካከል፣ በባቄላው ዳር፣ በየቦዩ ሜጭ ይፈነዳል። ከጎባ በጭነት መኪና ስንወርድ የአበባው ጠረን እስከ ላይ ይደርሰን ነበር። አባባ የኅዳርን ማር ብዛት የሚተነብየው ያንን ሜዳ አይቶ ነበር።

አሁን ሜዳው ስንዴ ነው። ከሮቤ እስከ ሲናና ድረስ አንድ ቁመት ያለው ስንዴ፤ ኮምባይነሩ ሲገባ ደግሞ አንድ ቁመት ያለው ገለባ። አረሙ በቱፎርዲ ይረጫል፤ ገበሬው አረም የሚለው ደግሞ ንቡ ቀለብ የሚለውን ነው። በስንዴው አልቀየምም፤ ልጆቼን ያሳደገ ስንዴ ነው፤ ንብ ግን ከስንዴ ማር አይቀስምም። ስለ ቀፎ ዓይነት የምንከራከረውን ያህል ስለ አበባ ብንከራከር ደስ ባለኝ። ጎባ የተሻለች ናት፤ ከላይ ኮሶውና አስታው አለ። ያላሰብነው ሲሳይ የመጣው ደግሞ ከባሕር ዛፍ ነው። አባባ መሬቱን ያደርቃል ብሎ ይጠላው የነበረው ዛፍ ዛሬ ሜዳው ባዶ በሚሆንበት ወር ያብባል፤ የእህቴ ንብ በዚያ ወር የሚኖረው በእሱ ነው።

አሁን ወደ 32 ሚሊ ሜትር ልምጣ፤ ከሁሉ የገረመኝ እሱ ነው።

እህቴ የሽግግሩን ቀፎ መጀመሪያ ያሠራችው እዚሁ ሮቤ፣ ከአንድ አናጢ ዘንድ ነው። ይህ ቀፎ ፍሬም የለውም፤ ከላይ የተደረደሩ አግዳሚ እንጨቶች ብቻ ናቸው፤ ንቡ ከእያንዳንዱ እንጨት ሥር አንድ እንጀራ ይሰቅላል። ጎኑ ዘንበል ያለው የተንጠለጠለ እንጀራ ራሱ ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድና ከግድግዳው ጋር እንዳይጣበቅ ነው። ኬንያ ውስጥ ስለተስፋፋ «የኬንያ ቀፎ» የሚሉትም አሉ። አናጢው ሣጥኑን አሳምሮ ሠራው፤ አግዳሚዎቹን ግን በግምት 4 ሳንቲ ሜትር አደረጋቸው። ንቡ ገባ፣ ሠራ፣ ከበደ። እህቴ በሁለተኛው ወር አንዱን እንጨት ልታነሳ ስትል ሁለቱ አብረው ተነሱ። ንቡ እንጀራውን አግድም አቋርጦ፣ አንዱን ከሌላው ጋር አያይዞ ሠርቶት ነበር። መሃሉ ላይ ተገመሰ። ማሩ፣ እጩ፣ ንቡ ተደባልቆ ከቀፎው ወለል ላይ ወደቀ። በሳምንቱ ንቡ ጥሎ ሄደ። ያን ጊዜ እህቴን ሳያት ቤት የተቃጠለባት ሰው መስላኝ ነበር።

ልጇ የባዮሎጂ ትምህርት የጨረሰ ወጣት ነው። «እማ፣ የእኛ አገር ንብ ከአውሮፓው ያንሳል፤ ከአንዱ እንጀራ መሃል እስከ ሌላው መሃል 32 ሚሊ ሜትር ነው የሚፈልገው፤ የአውሮፓው 35ና ከዚያም በላይ ነው» አላት። እኔ አላመንኩም። የስምንት ሚሊ ሜትር ነገር ንብ ያባርራል?

ያን ቀን ከዕቃ ቤቱ የአባባን ግንድ አወጣነው። ሐረጉ ረግፎ ነበር፤ ሁለቱ ክፋዮች በእጅ ተላቀቁ። የላይኛውን ክፋይ ገልብጠን ፀሐይ ላይ አደረግነው። ውስጡ በጭስ ጠቁሯል፤ በጥቁሩ ላይ ግን ጎን ለጎን የተሰመሩ የሰም መስመሮች አሉ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆዩ፣ እንጀራ የተሰቀለባቸው ጠባሳዎች። ልጁ የትምህርት ቤት ማስመሪያውን አወጣ። ከመስመር እስከ መስመር ለካ። 32። ቀጥሎ 31። ቀጥሎ 32። ቀጥሎ 33። እህቴ ጣቷን በመስመሮቹ ላይ አሳለፈች። አባባ ማስመሪያ ይዞ አያውቅም፤ መያዝም አላስፈለገውም፤ ሠሪው ንቡ ራሱ ነበርና። ልኩን ማወቅ ግዴታ የሆነብን እኛ ክዳኑን መክፈት ከፈለግን ወዲህ ነው።

በዚህ ምክንያት የትኛው ቀፎ ይሻላል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ ምን ልታደርግበት አስበሃል የሚል ነው። ሠላሳ አርባ ኅብረ ንብ ይዞ ማር ለሚነግድ፣ ማሽንና የታተመ ሰም በቅርብ ለሚያገኝ፣ ሣጥኑን የሚያክል የለም። ለሐረናው ሰው፣ ጫካው ባለበት፣ ጋጉራው አሁንም ያዋጣዋል፤ ብዙ ሰቅሎ ጥቂት ይደክማል። ጓሮው ሁለት ሦስት ቀፎ ለሚያኖር የጎባ ወይም የሮቤ ሰው ግን ያ ሦስተኛው፣ የጨፈቃው፣ ይሻለዋል እላለሁ። ይህን የምለው ሦስቱንም ከእህቴ ጋር ሆኜ አይቼ ነው።

ጨፈቃውን እራሷ ናት የሠራችው። ቀጫጭን እንጨቱን እንደ ቅርጫት ጎነጎነች፤ ጭቃውን ከእበትና ከጭድ ጋር አቦካች፤ እናታችን የቤቱን ግድግዳ ስትመርግ እንደምታደርገው በመዳፏ እየጠፈጠፈች መረገችው። ስንጥቁን ሁለት ጊዜ ደፈነች። አግዳሚዎቹን ብቻ ሌላ አናጢ ዘንድ ወስዳ፣ ማስመሪያ ይዛ አጠገቡ ተቀምጣ፣ 32 እስኪሆኑ አስላገቻቸው። የመጀመሪያውን ክረምት ንቡ ሳይጎዳ አለፈው። እንጀራው ፍሬም ስለሌለው በማሽን አይወጣም፤ ቢያዘነብሉት ይሰበራል። ምርቱም ከሣጥኑ ያንሳል። ነገር ግን ሰሙ ተመልሶ መጣ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። በአባባ ዘመን ሴት አያቴም ሆነች እናቴ ቀፎ ነክተው አያውቁም። ሥራው የሌሊት ነበር፣ የዛፍ ነበር፣ የወንድ ነበር። እናቴ ከማሩ ጠጅ፣ ከሰፈፉ ሰም እያወጣች የቀፎውን ሆድ ሳታይ አለፈች። ይህ ወገብ ላይ የሚቆም ገንዳ፣ አንድ እንጨት ብቻ አንስቶ የሚያዩት፣ ከባድ ፎቅ የማያሸክም ነገር ባይመጣ እህቴም ከዶሮዎቹ ጋር በር ዘግታ ትቀመጥ ነበር። የጠፋውን ስቆጥር ይህን ከሌላው ጎን አኖረዋለሁ። ይመዝናል።

ባለፈው ኅዳር ሲቆረጥ አጠገቧ ነበርኩ። ፀሐይዋ ወደ ባቱ ተራራ ዘንበል ብላ ነበር። ከኋላ ጀመረች። የመጀመሪያው አግዳሚ ባዶ ነበር፤ መለሰችው። ሁለተኛው ሲነሳ ከሥሩ የተንጠለጠለው እንጀራ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሰም የታተመበት ነበር፤ ብርሃኑ በውስጡ አለፈ። ንቡን በላባ አራገፈችና በቢላ ቆርጣ ወደ ገበቴው ጣለችው፤ ከእንጨቱ ላይ አንድ ጣት ያህል ለንቡ መነሻ አስቀረች። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። እንዲሁ እያለች ገፋች፤ በመጨረሻ ባነሳችው ላይ ከማሩ መካከል የእጭ ክፍል ታየ። ሳትቆርጥ መልሳ አስቀመጠችው።

«የሚቀጥለው እኮ ይበልጥ የከበደ ይመስላል፣ እትዬ» አልኳት።

«አስራ ሁለቱን ትቼላቸዋለሁ» አለችና ክዳኑን ዘጋች።

«አባባ እስከ ክርኑ ነበር።»

ጓንቷን አውልቃ ክንዷን ከቀፎው ጎን አጋደመችው፤ ከጀርባው እስከ ቆመችበት አግዳሚ ድረስ። ክርኗ ላይ አንድ ጣት ያህል ጎደለ። ከዚያ ገበቴውን ይዘን ገባን፤ ሰፈፉን የሚያፈላው ድስት ምድጃው ላይ ተጥዶ ነበር።